«ሜይኑ የት ሄደ?» ዌብ ፕሮግራሚንግና ሌላው ፕሮግራሚንግ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ከረማችሁ? ደሴ ያው ብርዷ ላይ ናት፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ነው የዋለው፣ እኔም ጋቢ ደርቤ ጥያቄዎቻችሁን ሳነብ ከረምኩ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ነው ምቆየው፣ ብዙ ጎበዝ ልጆች እዛችው ቦታ ላይ ደርሰው ሲተዉት ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ኮምቦልቻ ካምፓስ ሶስተኛ አመት ተማሪ ነኝ። እስካሁን ሲ ፕላስ ፕላስ ነው የተማርነው፣ ፖይንተርም ክላስም ሊንክድ ሊስትም ችዬ አልፌያለሁ ውጤቴም ጥሩ ነው። አሁን ዌብ ስንጀምር ግን ምንም አልገባ አለኝ። ፕሮግራሙ የት እንደሚጀምር እንኳን አላውቅም፣ ሜይን የሚባል ነገር የለውም። ዶርም ያሉ ልጆች ደሞ «ዌብ ፕሮግራሚንግ አይደለም ዲዛይን ነው» ይሉኛል። ልቀጥል ወይስ ወደ ሲ ፕላስ ፕላሴ ልመለስ? ከሁሉም ቋንቋ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ አብሽር። የጠፋብህን ነገር ራስህ በትክክል ፅፈኸዋል፣ «ሜይን የለውም» ብለሃል እኮ። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ፕሮግራሙ ያንተ ነው፣ ሜይን ላይ ይጀምራል፣ የፈለግከውን ፈንክሽን አንተ ትጠራለህ፣ ተጠቃሚውን «ቁጥር አስገባ» ብለህ ታስቆመዋለህ፣ ሲያልቅ ዘግተህ ትወጣለህ። ዌብ ላይ ጠሪው አንተ አይደለህም። ኮድህ ሰርቨር ላይ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪጠራው ይጠብቃል፣ ማን እንደሚጠራው አያውቅም፣ ስንት ሰው በአንዴ እንደሚመጣበት አያውቅም፣ ሰውየው ፎርሙን ግማሽ ሞልቶ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ሐረጎን ሊወርድ ይችላል፣ መሃል መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢቆረጥበት ኮምቦልቻ ሲደርስ ያንኑ በተን ደግሞ ሊጫን ይችላል፣ አንተ ደሞ ትዕዛዙን ሁለቴ እንዳትመዘግብበት ማሰብ አለብህ። ሲ ፕላስ ፕላስ ስትማር እንደዚ አይነት ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣብህም። ስለዚ አዲስ የሆነብህ ቋንቋው ሳይሆን ሁኔታው ነው፣ እኔ እስከማምነው ድረስ ዌብን ከሌላው ሚለየው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሌላው መርሳት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ቫሪያብል ውስጥ ያስቀመጥከው ነገር ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይቆይሃል። ብራውዘርና ሰርቨር ሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ግን እያንዳንዱን ሪኩዌስት (ጥያቄ) እንደ አዲስ ሰው ነው ሚያየው፣ አሁን አናግሮህ ከሰከንድ በኋላ አያውቅህም። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አስበው። እዛ ያለው ሰራተኛ መልክህን አያስታውስም፣ አንተ ግን ቁጥር የተፃፈባት ትንሽ ካርድ ይዘሃል፣ ቁጥሯን ስትሰጠው መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን ፋይልህን ያወጣዋል። ኩኪ ማለት ትንሿ ካርድ ናት፣ ሴሽን ማለት ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለው ፋይል ነው። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ ይሰራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው ያመጣው፣ ምክንያቱም ያለሱ የኦንላይን ሱቅ ቅርጫት መስራት ከባድ ነበር። ካርዷ ሌላ ሰው እጅ ከገባች ባንተ ስም ይታከማል፣ ፓስወርድህን ሳያውቅ አካውንትህ ውስጥ ሚገባበት አንዱ መንገድም ይሄው ነው።

አሁን ወደ ዶርም ልጆቹ ልምጣ። አንዲት ቁራጭ እውነት አለቻቸው፣ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ኢፍም ሉፕም የለም፣ እሱ ብቻውን ፕሮግራሚንግ አይደለም። «ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀፅ ነው» ብለህ ታውጃለህ፣ እንዴት እንደሚሳል ብራውዘሩ ይጨነቅበት። የገፁን መልክ ሚወስነው ሲኤስኤስም እንደዛው። ግን ዳታቤዝ ሚጠየቅበት ኤስኪውኤልም እኮ እንደዛ ነው! «ከ80 በላይ ያመጡትን ተማሪዎች ስጠኝ» ትለዋለህ እንጂ ፋይሉን እንዴት እንደሚያገላብጥ አትነግረውም፣ ዳታቤዝን ደሞ «ዲዛይን ነው» ብሎ ሚንቀው ሰው አላየሁም። ምትፈልገውን ተናግረህ አሰራሩን ለማሽኑ መተው ራሱን የቻለ የፕሮግራሚንግ መንገድ ነው፣ ደረጃ በደረጃ ከማዘዝ ያንሳል ማለት አይደለም። አንድ የዌብ ገፅ ላይ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ቋንቋ፣ ከጀርባው ኤስኪውኤል፣ አምስት ቋንቋ በአንድ ላይ ነው ያለው፣ አስተሳሰባቸውም ለየብቻ ነው። በአንዴ አልገባ ቢልህ ሚገርም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስለማይነግራችሁ ነው። ስህተት ስትሰራ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል አይቆጡህም። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር አንዲት ሴሚኮለን ብትረሳ ንቅንቅ አይልም። ብራውዘር ግን ኤችቲኤምኤሉ ላይ ታግ ሳትዘጋ ብትረሳ ራሱ ገምቶ ይዘጋልሃል፣ ሲኤስኤስ ላይ ማያውቀው ቃል ካገኘ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ጃቫስክሪፕት ደሞ 5 ቁጥሩን «2» ከሚል ፅሁፍ ጋር ደምር ብትለው «52» ይልሃል፣ ቀንስ ብትለው ግን 3። ፓይተንን ደምር ብትለው «አይሆንም» ብሎ ያቆምሃል። ዌብ እንደዚ ይቅር ባይ የሆነው አሮጌ ገፅም በአዲስ ብራውዘር እንዲከፈት ተብሎ ነው፣ ደግ ነገር ነው፣ ለጀማሪ ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ስህተትህን ሚነግርህ ነገር ነበረህ አሁን ዝምታ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው ጃቫስክሪፕት ላይ የታይፕ ቁጥጥር ሚጨምረው ታይፕስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመጣ ብዙ ሰው የተቀበለው፣ ያንን የለመድከውን ቁጣ ይመልስልሃል። ላንተ አይነቱ ከሲ ፕላስ ፕላስ ለሚመጣ ልጅ እኔ አጥብቄ ነው ምመክረው።

ጃቫስክሪፕት ላይ «ክላስ» ስታይ ደሞ የምታውቀው እንዳይመስልህ። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ነው የፃፈው፣ መልኩን ከጃቫ፣ ፈንክሽንን እንደ ማንኛውም ቫሉ ማስተላለፉን ስኪም ከሚባል ቋንቋ፣ ፕሮቶታይፑን (አንዱ ኦብጀክት ከሌላ ኦብጀክት በቀጥታ ሚወርስበትን መንገድ) ሰልፍ ከሚባል ቋንቋ ወስዶ። ክላስ የሚለው ቃል በ2015 ነው የተጨመረው፣ ከስሩ ያለው አሁንም ፕሮቶታይፕ ነው። ፈንክሽኑን ሳይገባህ ክላሱ ላይ አትሩጥ፣ ዌብ ላይ ቀኑን ሙሉ ምትሰራው ፈንክሽን ለሌላ ፈንክሽን መስጠት ነው፣ «በተኑ ሲነካ ይቺን ጥራልኝ» እያልክ።

አጠባበቁም ይለያል። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ ሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስን ያየህ እንደሆን ኮድህ በአንድ ትሬድ (በአንድ የስራ መስመር) ብቻ እየሰራ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ቤት ውስጥ ብቻዋን ድግስ ምታሰናዳ እናት አስብ፣ ወጡን ጥዳ አፍጥጣ አትቆምም፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ መሃል ላይ ወጡን ታማስላለች፣ ቡና ታቀራርባለች፣ አንዱ እስኪበስል ሌላውን ትሰራለች። ዳታቤዝ እስኪመልስ ሌላ ሰው ማስተናገድ ማለት እሱ ነው። ግን ወፍጮ ቤት ሂጂ ካልካት ቤቱ ሁሉ ይቆማል። ከባድ ስሌት፣ ቪዲዮ መቀየር፣ ትልቅ ምስል ማሳነስ ወፍጮ ቤት ነው፣ እዛው ዋናው ትሬድ ላይ ካስገባኸው ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ ለሌላ ፕሮሰስ ስጠው።

ሲ ፕላስ ፕላስህ ደሞ ከስሩ አለልህ። ክሮም ጃቫስክሪፕትን ሚያስኬድበት ቪኤይት በሲ ፕላስ ፕላስ ነው የተፃፈው፣ ፒኤችፒ በሲ ነው የተፃፈው፣ ብዙ ሰው ሚጠቀምበት ፓይተንም በሲ። ከ2017 ጀምሮ ደሞ ዋነኞቹ ብራውዘሮች ዌብአሴምብሊን (ከሌላ ቋንቋ ተቀይሮ ብራውዘር ውስጥ ሚሰራ ኮድ) ስለሚቀበሉ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ራሱ ብራውዘር ውስጥ ይሰራል። ስለዚ «የቱ ይሻላል» ለሚለው፣ ማሽኑ ያንተ ሆኖ ፍጥነት ሲያስፈልግህ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሰው ምንም ሳይጭን በእጁ ባለው ስልክ ወዲያው እንዲጠቀም ስትፈልግ ዌብ። ሰፈሩ ነው ቋንቋውን ሚመርጠው።

አንድ ከራሴ የደረሰ ልንገርህና ላብቃ። ከአመታት በፊት ለአንድ የግል ድርጅት የኦንላይን ማዘዣ ሰራሁ። ጠቅላላ ዋጋውን ብራውዘሩ ላይ በጃቫስክሪፕት አሰላሁት፣ ሰርቨሩ የመጣለትን ቁጥር ተቀብሎ ይመዘግባል። አንድ ቀን የ1 ብር ትዕዛዝ መጣ፣ ለብዙ እቃ። ሰውየው ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር በእጁ ቀይሮ ልኮት ነው። እኔም የመጣሁት ከዴስክቶፕ ፕሮግራም ነበር፣ እዛ ኮዴ ራሱ ያሰላውን ቁጥር ምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም። ዌብ ላይ ግን ግማሹ ፕሮግራምህ ሰው ስልክ ውስጥ ነው ያለው፣ ባለቤቱ እሱ ነው፣ እንደፈለገ ይቀይረዋል። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ከዛ ወዲህ ከብራውዘር ሚመጣ ነገር በሙሉ ሰርቨር ላይ እንደገና ሳላጣራ አልቀበልም፣ ዋጋማ ጭራሽ ከብራውዘር አልወስድም፣ የእቃውን መለያ ብቻ ተቀብዬ ዋጋውን ከዳታቤዝ ነው ማወጣው።

ለዚህ ሳምንት ስራ ልስጥህ። በምታውቀው ሲ ፕላስ ፕላስ ሶኬት ከፍተህ ፖርት 8080 ላይ አዳምጥ፣ ከራስህ ብራውዘር ጥራው፣ የመጣውን ነገር ስክሪን ላይ አትመው። ተራ ፅሁፍ ሆኖ ነው ምታገኘው፣ መስመር በመስመር። መልሱንም በእጅህ ፅፈህ ላክለት። ሜይኑ የት እንደሄደ ያኔ በአይንህ ታየዋለህ፣ ፍሬምዎርኩ (ሌሎች ፅፈው ያዘጋጁልህ የዌብ ኮድ) ውስጥ ነው ያለው፣ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነኝ፣ ከሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ጊዜ ጀምሮ በስራው ላይ አለሁ። ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) በላደር፣ ማለትም በመሰላል መሰል ስዕል፣ ፕሮግራም አደርጋለሁ። ልጄ ዌብ እየተማረች «አባ ያንተ ፕሮግራሚንግ አይደለም፣ ስዕል ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ማሽኖቹንስ በዌብ ከስልክ መቆጣጠር ይቻላል?

መልስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደርስዎ አይነት ሰው ስለፃፈልኝ ደስ ብሎኛል። ልጅዎ ቋንቋውን ስላላየችው ነው እንጂ የርስዎ ፕሮግራሚንግ ነው፣ ደሞ ጥብቅ ፕሮግራሚንግ። ፒኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲመጣ አሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ቁምሳጥን ሙሉ የነበረውን ሪሌይ ለመተካት ነው፣ ላደርም ስዕል የሆነው የሪሌይ ሰርኪት ማንበብ የለመደ ኤሌክትሪሻን አዲስ ነገር ሳይማር እንዲያነበው ተብሎ ነው።

ልዩነቱን ለልጅዎ እንደዚ ይንገሯት። የርስዎ ፕሮግራም ኢንፑቱን ሁሉ ያነባል፣ ከላይ እስከታች ይሰራል፣ አውትፑቱን ይፅፋል፣ እንደገና ይጀምራል፣ በሚሊሰከንዶች ውስጥ፣ ሌትና ቀን። ከተወሰነለት ጊዜ ካለፈ ዋችዶጉ (ጊዜውን ሚጠብቀው ቆጣሪ) ያስቆመዋል። የሷ ፕሮግራም ግን ጠሪ እስኪመጣ ይተኛል፣ ከመጣም በኋላ መልሱ በግማሽ ሰከንድ ይድረስ በአስር ሰከንድ ማንም ቃል አይገባላትም። ገፅ ቢዘገይ ሰው ይናደዳል፣ የሽመና ማሽን ማቆሚያው ቢዘገይ ግን የሰው እጅ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚ ከስልክ መቆጣጠሩን አልመክርዎትም፣ ማየቱን ግን በደንብ ይቻላል። መቆጣጠሩ እዛው ፒኤልሲው ላይ ይቅር። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፣ ልጅዎ በፓይተን ቁጥሮቹን በሞድባስ (የፋብሪካ መሳሪያዎች ሚነጋገሩበት ስርዓት) እያነበበች ዳታቤዝ ላይ ታስቀምጥ፣ ስንት ሜትር ተሸመነ፣ ማሽኑ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ያንን በዌብ ገፅ ይዩት። ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው፣ ፓስወርድ የሚባል ነገር የለውም፣ ያገኘው ሁሉ ያዘዋል፣ ስለዚ ፒኤልሲውን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ እንዳያወጡት አደራ፣ ከፋብሪካው ሃላፊዎች ፈቃድ ሳያገኙም እንዳይጀምሩት። ጨርቃጨርቁም ቢራውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም ባለበት ከተማ ሁለቱን ቋንቋ ሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፣ እርስዎና ልጅዎ ደሞ አንድ ቤት ነው ያላችሁት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ደሴ ፒያሳ አጎቴ የጨርቅ ሱቅ አለው። ፓይተን ትንሽ እችላለሁ። የእቃ መመዝገቢያ ልሰራለት ነው፣ ዌብ ይሁን ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ ሚጫን ይሻላል? መብራትም ኢንተርኔትም ይጠፋል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዌብ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። እዛው ሱቁ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨሩን ታስነሺዋለሽ፣ አጎትሽም ሻጮቹም በስልካቸው በሱቁ ዋይፋይ ይከፍቱታል፣ ውጪ ያለው ኢንተርኔት ቢቋረጥ አይነካችሁም። ጃንጎን ተጠቀሚ፣ ፓይተን ነው፣ የመመዝገቢያና የማስተካከያ ገፁን ብዙውን ራሱ ይሰራልሻል፣ ዳታቤዙም ሌላ ካልመረጥሽ ኤስኪውላይት ነው፣ አንድ ፋይል ብቻ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ የጀመረውን ፅሁፍ ወይ ሙሉ ለሙሉ ይመዘግባል ወይ ሙሉ ለሙሉ ይተወዋል እንጂ ግማሽ አያስቀርም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ለራውተሩ ግን ትንሽ ዩፒኤስ ግዙለት። ማታ ማታ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ሁለት ነገር ብቻ፦ ብሩንም ሜትሩንም በነጥብ ቁጥር አታስቀምጪ። ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም 0.1 ሲደመር 0.2 ብትያቸው 0.30000000000000004 ነው ሚሉሽ፣ ጣቃ ላይ 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ እየቀነስሽ አመት ስትቆዪ ትንሿ እየተጠራቀመች ሂሳብ አልገጥም ይላል። ብሩን በሳንቲም፣ ጨርቁን በሴንቲሜትር፣ በሙሉ ቁጥር መዝግቢ። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ሱቅ የከፈታችሁ ቀን ያኔ ኢንተርኔት ላይ ስለማውጣት እንነጋገራለን፣ ኮዱን መለወጥ እምብዛም አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ የዜና ርዕስ 10 ፊደል ላይ እንዲቆረጥ በፒኤችፒ ፃፍኩ። እንግሊዝኛው ልክ ነው፣ «ኮምቦልቻ» ግን ከ3 ፊደል በኋላ ጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ነገር ይመጣል። ጓደኛዬ በፓይተን ሰርቶት ችግር የለበትም። ፒኤችፒ ለአማርኛ አይሆንም? ከሆጤ።

መልስ፦ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር ሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ያ ቁጥር ወደ ባይት በሚቀየርበት ዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ኮምቦልቻ 5 ፊደል ነው፣ 15 ባይት። የፒኤችፒ ተራው መቁረጫ ሚቆጥረው ባይት ስለሆነ 10 ስትለው 3 ፊደልና የአራተኛውን አንድ ሶስተኛ ሰጠህ፣ ጥቁሯ ነገር የተሰበረው ል ነው። ሲም ሲ ፕላስ ፕላስም እንደዛው 15 ነው ሚሉህ፣ ፓይተን 3 ግን ፊደል ስለሚቆጥር 5 ይላል፣ ጃቫስክሪፕትም 5። ፒኤችፒ ውስጥ በኤምቢ (mb_) የሚጀምሩትን የፅሁፍ ፈንክሽኖች ተጠቀም፣ ያልቃል።

የፍለጋ ሳጥን ካለህ ግን የትኛውም ቋንቋ ብቻውን አያድንህም። ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ ለኮምፒውተር ሶስት የተለያየ ቃል ነው። ለፍለጋ ብቻ ሌላ ኮለም ጨምርና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ከነዘራቸው መልሰህ አስቀምጥ፣ ሃንና ሀንም አንድ አድርጋቸው፣ ሰው ሚፅፈውንም እንደዛው ቀይረህ እዛ ላይ ፈልግ። ዋናውን ፅሁፍ ግን አትንካው፣ ሰው ስሙን ራሱ እንደፃፈው ነው ማየት ሚፈልገው።